አቶ ይስማውን ለአርባ ሦስተኛ ጊዜ የገደልሁበት እሑድ

ይህን የምጽፈው ማንንም ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም። የቢቸና ሰው ታሪኩን እያስረዘመም እያሳጠረም ስላወራው፣ አንዳንዱም ያልተቀመጠበትን ድንኳን እንደተቀመጠበት አድርጎ ስለተረከው፣ እኔ የነገሩ ባለቤት ሳልሞት እንደነበረው ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ስሜ ጥሩዬ ነው። ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ሞጣ ውስጥ ከገበያው ዝቅ ብላ ባለች ባለሁለት ክፍል ቤት ብቻዬን እኖራለሁ። ባል ነበረኝ፤ ሞተ። ልጅ አልወለድሁም። ጎረቤቶቼ የሚያውቁኝ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ጸሐፊ፣ የእድራችንም ጸሐፊ መሆኔን ነበር። ሰው ሲሞት የሞት ማስታወቂያውን የምጽፈው እኔ ነበርሁ። ከዚህ ሌላ ምን እንደምሠራ የጠየቀኝ የለም። አሮጊት ቤቷን ዘግታ ከዋለች የምትጸልይ ነው የሚመስላቸው።

እኔ ግን ሰው እገድል ነበር።

ሻምበል ጽልመቱ የሚባለውን ደራሲ ሳታውቁት አትቀሩም። በየመናኸሪያው የሚሸጡት፣ ሽፋናቸው ላይ የራስ ቅል ያለባቸው ቀጫጭን መጻሕፍት የእሱ ናቸው። ጅብ በሰው ቋንቋ የሚናገርባቸው፣ ጉድጓድ ሰውን በስሙ የሚጠራባቸው ማለቴ ነው። ሻምበል ጽልመቱ እኔ ነኝ። ስሙን ያወጣልኝ አዲስ አበባ ያለ አሳታሚ ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ በፖስታ ብልክለት «ሴት አታስፈራም» ብሎ መለሰልኝ። ሻምበልነቱንም የሾመኝ እሱ ነው፤ ማዕረግ ያለው ሰው ሲፈራ አንባቢው የባሰ ይፈራል አለ። በሃያ ሰባት ዓመት አርባ ሦስት መጽሐፍ ጻፍሁለት። አንዱም ውስጥ የራስ ቅል የለም። አሳታሚው ግን ሥዕሉን አንዴ አሠርቶት ስለነበር ቀለሙን እየለወጠ አርባ ሦስት ጊዜ አተመው። አንባቢዎች በእሱ በኩል ደብዳቤ ይልኩልኛል። «ክቡር ሻምበል፣ የት ግንባር ነበሩ?» ይሉኛል።

የነበርሁበት ግንባር ቢቸና፣ የአንድ ትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት ነው። ጠላቴም አንድ ሰው ብቻ ነበር።

አቶ ይስማው ዳይሬክተሬ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ፊት ለፊት «እርስዎ» ስለው ኖሬአለሁና እዚህ «እሱ» እያልሁ ልጽፈው ነው፤ ይህን ያህል አይበዛብኝም። ረጅም ነው፣ ቀጭን ነው። የሸሚዙ ኪስ ላይ ሁልጊዜ ቀይ እስክሪብቶ ይሰካል። ሻዩን በግራ እጁ ያማስላል። ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ይጠርጋል። ጠዋት በሩን በሰዓቱ ያስዘጋና አንድ ደቂቃ የዘገየውን ሁሉ፣ መምህርም ቢሆን፣ ከአጥር ውጭ ያቆመዋል።

ወጣት ሳለሁ ባረጁ የፈተና ወረቀቶች ጀርባ ላይ፣ በትምህርት ቤቱ የጽሕፈት መኪና፣ አንድ ታሪክ ጻፍሁ። ማንም ሳይነካው የሚደወል ደወል ታሪክ ነበር። አቶ ይስማው ከመሳቢያዬ ውስጥ አገኘው። ሌላ አለቃ ቢሆን ይቆጣ ነበር፣ ወይም ይቀድደው ነበር። እሱ አርሞት መጣ። በመምህራን ስብሰባ ላይ ቆሞ፣ ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ጠርጎ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበው። የሚያስፈራው ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁን ያቀጥን ነበር። መምህሩ ሁሉ ሳቀ። ሲጨርስ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። ራስጌው ላይ በቀይ «ከአሥር ሦስት» ይላል።

በዚያው ዓመት ወደ ሞጣ ተዛወርሁ። ዝውውሩን የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ ደብዳቤውን የጻፍሁትም እኔ ነኝ። እሱ ፈረመበት። ከመፈረሙ በፊት ግን አንድ ቃል አረመበት።

ከዚያ ወዲህ ስገድለው ኖርሁ። በመጀመሪያው መጽሐፍ ጅብ በላው። በሁለተኛው ጉድጓድ ዋጠው። በሰባተኛው በገዛ ደወሉ ውስጥ ምላስ ሆኖ ቀረ። አንባቢዎች «ሻምበል እንዴት አዲስ አሟሟት አያልቅባቸውም?» እያሉ ይደነቃሉ። እኔን የደነቀኝ አንድ ሰው ይህን ያህል ጊዜ መሞት መቻሉ ነው።

አሠራሬን ልንገራችሁ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከእሱ ነው። ረቂቅ ስጽፍ የሚሞተውን ሰው በእውነተኛ ስሙ፣ ከነአባቱ ነው የምጽፈው። «ይስማው» ብዬ ከጀመርሁ እጄ ይፈጥናል። በሌላ ስም ከጀመርሁ ሦስተኛው ገጽ ላይ አዝንለትና አተርፈዋለሁ። መጽሐፉ ሲያልቅ ከፊት ጀምሬ ገጽ በገጽ ስሙን እለውጣለሁ። አርባ ሁለት ጊዜ አልሳትሁም። በአርባ ሦስተኛው መጽሐፍ ግን አንዱ ምዕራፍ በሞት ማስታወቂያ ይጀምር ነበር። እሱን ለእድር እንደምጽፈው አድርጌ በሌላ ወረቀት ጻፍሁና በኋላ ረቂቁ ውስጥ አስገባሁት። ስም ስለውጥ ያቺን ወረቀት ዘለልኋት። አሳታሚውም አላያት፤ እሱ ከሽፋኑ አልፎ አይቶ አያውቅም።

መጽሐፉ ወጣ። ማንም ምንም አላለም። ከዚያ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ በየእሑዱ ጠዋት ይተርከው ጀመር።

ያን እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ ምስር እየለቀምሁ ነበር። ሬዲዮው ተከፍቷል። ተራኪው ጎበዝ ልጅ ነው፤ ማስታወቂያው ላይ ሲደርስ ድምፁን እንደ ዜና አንባቢ አደረገው፤ ከሥሩም ዋሽንት አስገባበት። ስሙን ከነአባቱ ጠራ። «በቢቸና ከተማ ለረጅም ዘመን በትምህርት ቤት ዳይሬክተርነት ያገለገሉት አቶ ይስማው፣ በየዓመቱ እንደሚያደርጉት መርጡለ ማርያምን ለመሳለም ሄደው በዚያው በድንገት አርፈዋል። አስከሬናቸው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቢቸና ይገባል። ሳትጠሩ እንደምትመጡ እናውቃለን።» ከዚያ ዋሽንቱ ከፍ አለ፣ ጊዜው አለቀ፣ የሳሙና ማስታወቂያ ገባ።

መጽሐፉ ውስጥ ከዚህ በኋላ አስከሬኑ በገዛ እግሩ ይገባል። እሱ ግን ለሚቀጥለው ሳምንት ነበር።

ምስሩን ይዤ እንደተቀመጥሁ በሬ ተንኳኳ።

«እታለም ጥሩዬ! ኧረ እታለም!»

ሐጂ ሙሄ ናቸው፤ የእድራችን ሊቀመንበር። ከቤቴ ፊት ለፊት የጨርቅ ሱቅ አላቸው። በሩን ስከፍት ዓይናቸው ቀልቷል።

«አላህ ያጽናዎት» አሉኝ። «አሁን በሬዲዮ ሰማሁ። ምነው ሳይነግሩን? ብቻዎን ሊያለቅሱ ነው?»

«የምን ለቅሶ ነው ሐጂ?»

«አለቃዎ የነበሩት ሰውዬ። ማስታወቂያውን ለሬዲዮ ሲልኩ ለእድሩ አንድ ቃል አይሉም?»

«እኔ ምንም አልላክሁም።»

«እንዲያው እታለም፣ የእርስዎን አጻጻፍ አጣዋለሁ? ‹ሳትጠሩ እንደምትመጡ እናውቃለን› የሚል ሰው ከእርስዎ በቀር በአገሩ ማን አለ? የባለቤቴን ሲጽፉልኝ እዚህች ቃል ላይ ስደርስ ነው እንባዬ የመጣው።»

«ሐጂ፣ ይኼ ምናልባት ትረካ ይሆናል።»

«ስም ከነአባቱ ተጠርቶ? ከተማው ተጠርቶ? ዋሽንቱ ሳይቀር?» ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። «ሐዘን ነው እንዲህ የሚያደርግዎት። መጀመሪያ ሰው አያምንም። በሉ ይልበሱ፤ እንዬን ልኬባታለሁ፤ መኪናም ተገኝቷል።»

«በሕይወት አለ» ማለት ምን ነበረበት ትሉኝ ይሆናል። «በምን አወቅሽ?» ይሉኛላ። የጻፍሁት እኔ ነኝ ብል አርባ ሦስቱም ጉድ አብሮ ይወጣል። ወይዘሮ እንዬ፣ የእድራችን ምክትል፣ አንዲት ጎረቤታችን ጠንቋይ ቤት ታይታለች ተብላ በተከሰሰች ጊዜ ከእድር ትሰረዝ ብላ ሦስት ስብሰባ ሙሉ የተሟገተች ሴት ናት። የሻምበል ጽልመቱን መጻሕፍት «የሰይጣን ደብተር» ነው የምትላቸው። እኔ ደግሞ ልጅ የለኝም፣ ወንድም የለኝም። ስሞት ድንኳን የሚተክልልኝ፣ ሬሳዬን የሚሸከመው እድሩ ብቻ ነው። ሌሎቹን በአርባ ሦስት መጽሐፍ በየገደሉ ስቀብር የኖርሁ ሴት፣ ለራሴ ቀባሪ እንዳላጣ እፈራ ነበር። ስለዚህ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስሁና በሕይወት እንዳለ ለማውቀው ሰው ለቅሶ ለመድረስ ተነሣሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ አሥራ አንድ ነበርን። እኔን መሀል አስቀመጡኝ፤ ሐዘንተኛ ነኝና። እንዬ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ይዛለች። ከሞጣ ወጥተን ብዙም ሳንርቅ ጎንበስ ብላ አየችኝ።

«እንባዎ አልመጣም» አለች።

«ውስጤ ነው የሚያለቅሰው።»

«ይልቀቁት። ውስጥ ሲቀር ኩላሊት ይይዛል።»

ሐጂ ከፊት ሆነው ዞሩ። «ደግ ሰው ነበሩ አይደል?»

«በሰዓቱ የሚገኙ ሰው ነበሩ» አልሁ።

«አየሽ እንዬ» አሉ ሐጂ፣ «ልባቸው ሲሰበር እንኳ ቁጥብ ናቸው።»

መንገዱ ረጅም ነው። ሰው ዝም ሲል ሐሳብ ይመጣል። እውነት ቢሞትስ? አልሁ። መርጡለ ማርያም እንደሚሄድ ያወቅሁት በየዓመቱ ለበዓሉ ፈቃድ ሲወጣ ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ ስለነበርሁ ነው። ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው። መንገዱም መንገድ አይደለም። አርባ ሁለት ጊዜ በሌላ ስም ገደልሁት፣ ምንም አልሆነም። አንድ ጊዜ በስሙ ብገድለው ደረሰበት ይሆን? ሰው ሳስፈራ የኖርሁ ሴት የገዛ ታሪኬ ጀርባዬን አቀዘቀዘው። አንባቢዎቼ በየደብዳቤው የሚነግሩኝ ስሜት ይህ ከሆነ፣ እንዴት መልሰው መልሰው እንደሚያነቡኝ አላውቅም።

ሌላም ነገር ትዝ አለኝ፤ ባላስታውሰው ደስ ይለኝ ነበር። ባሌ የሞተ ጊዜ አቶ ይስማው ከቢቸና መጥቶ ነበር። ሳልጠራው። ሦስት ቀን ድንኳኑ ጥግ ተቀመጠ፣ ምንም አላለኝም፣ ሄደ። ይህንንም ይቅር ብዬው አላውቅም። ያቺን ሐረግ በማስታወቂያ ላይ መጻፍ የጀመርሁት ከዚያ በኋላ ነው። ለእሱ ብዬ ግን አይደለም።

ቢቸና ስንደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። ከጉንደ ወይን አካባቢ ዘመዶቹ በአይሱዙ ተጭነው ቀድመውናል። ልጁ ብርቱካን፣ አርባዎቹን ያጋመሰች ሴት፣ ፀጉሯ ተበትኖ ስልክ በእጇ ይዛ ትደውላለች። ስታየኝ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«ከሐሙስ ጀምሮ ስልኩን አያነሳም፣ እትዬ ጥሩዬ። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ያጠፋዋል። መሞቱን እኮ ከሰው ሁሉ በኋላ ነው የሰማሁት። እኔ ልጁ፣ ከሬዲዮ!»

ለመናገር አፌን ከፈትሁ። እንዬ ከኋላዬ ትከሻዬን ያዘች። አፌን ዘጋሁ። እዚህ ላይ ፍረዱብኝ፤ መብታችሁ ነው።

አልቃሿ ከጉንደ ወይን የመጣች ናት። መሀል ቆማ ደረቷን እየመታች ሙሾ ታወርዳለች።

ሰልፉን ማን ያስተካክል፣ ደወሉን ማን ይምታው፣
ይስማው ቀረ አሉ፣ በሩን ማን ይዝጋው።

በልጅነታቸው በሩ የተዘጋባቸው የከተማው ሽማግሎች ከልባቸው አለቀሱ። ለእሱ ይሁን ለተዘጋባቸው በር አላውቅም። የእሱ ታላቅ እህት እሜት ዳሳሽ፣ ዓይኗ የፈዘዘ አሮጊት፣ ምሰሶውን ይዛ «አንበሳዬ!» ትላለች። አንበሳ! በአርባ ሦስት መጽሐፍ አንድም ቀን አንበሳ አድርጌው አላውቅም።

ትንሽ ጋብ ሲል ብርቱካን ደብተርና እስክሪብቶ ይዛ መጣች። «እትዬ፣ አስከሬኑ እስኪገባ የሕይወት ታሪኩን ይጻፉልን። ከእርስዎ የተሻለ ማን ያውቀዋል?»

«ይጻፉ» አሉ ሐጂ። «በመጻፍ ይወጣልዎታል።»

የትውልድ ቦታውን ጻፍሁ፤ የትምህርቱን፣ የሥራውን። ከዚያ በጎ ሥራ የሚጻፍበት ቦታ ደረሰ። ዙሪያዬ የተቀመጡትን የቀድሞ መምህራን ጠየቅሁ። «በጎ ነገር ምን ልበል?»

አንዱ፣ የሒሳብ መምህር የነበረ፣ ጢሙን አሻሸ። «ሰላም ካልኸው ይመልሳል» አለ።

«ሌላስ?»

«ጫማው ንጹሕ ነበር» አለ ሌላው።

«አንድ ጊዜ ታምሜ ቀርቼ አልቀጣኝም» አለች አንዲት ሴት። ቆይታም «ለካ እሑድ ነበር» አለች።

ጋኔን በጭብጨባ ጠርቼ አውቃለሁ፤ ሬሳ አስጨፍሬ አውቃለሁ። እንደዚያች ገጽ ያለ ፈጠራ ግን ጽፌ አላውቅም። ደግ አደረግሁት። ለጋስ አደረግሁት። እየጻፍሁ ስሄድ የድሮው ቁስል ተነሣብኝና አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨመርሁ፣ እሱ ባያነባትም መሬቱ ይስማት ብዬ፦ «የሥራ ባልደረቦቻቸውን ጽሑፍ በጥሞና ያነቡ ነበር፤ ማንንም በሰው ፊት አላዋረዱም።» ነጥቡን ስጨርስ ከመንገዱ በኩል «መኪናው መጣ! መኪናው መጣ!» ተባለ።

ድንኳኑ በሙሉ ተነሣ። ዋይታው ከተማውን ሞላው። ከመርጡለ ማርያም የሚመጣው ሚኒባስ አቧራውን እያቦነነ ቆመ። ጣራው ላይ ሣጥን የለም። በሩ ተንሸራቶ ተከፈተ። መጀመሪያ ጸበል የተሞላ ቢጫ ጄሪካን ወረደ። ቀጥሎ ረጅም ቀጭን እግር። ቀጥሎ ቀይ እስክሪብቶ የተሰካበት ኪስ።

በስድስት መጽሐፎቼ ውስጥ ሙት ይመለሳል። በስድስቱም ውሾች ያላዝናሉ፣ ጨረቃ ትጠቁራለች። ለካ ምንም አላውቅም ነበር። ሙት ሲመለስ መጀመሪያ ጸጥታ ነው። አልቃሿ ግጥሟን ከግማሽ ላይ አቁማ፣ ትጨርሰው ወይስ ትተወው እንደሆነ ለማወቅ ወደ ብርቱካን አየች። ከዚያ የኋለኞቹ ሊሮጡ ሲሉ የድንኳኑ ገመድ ጠለፋቸውና ተደራርበው ወደቁ። አንድ ዲያቆን መስቀሉን ፍለጋ ኪሱን ሲዳብስ የስልክ ቻርጀር አወጣና እሱኑ ዘረጋ። እሜት ዳሳሽ ብቻ ቀርባ ወንድሟን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«በልተሃል?» አለችው።

«ቁርስ በልቻለሁ» አለ አቶ ይስማው። ድንኳኑን አየ። «ማን ሞቶ ነው?»

በዓይኑ ልጁን ፈለገ።

«ብርቱካን! ማን ሞቶ ነው?»

«አንተ ነሃ አባዬ» አለች ልጁ፤ ካለችበትም ተቀመጠች።

ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ጠረገ። «መቼ?» አለ።

ይኸው ነው እሱ ማለት። ሞትህ ሲሉት ሰዓቱን የሚጠይቅ።

ሐጂ ሙሄ ወደ ፊት ወጥተው የሬዲዮውን ማስታወቂያ በቃላቸው አሉለት፤ የማስታወስ ችሎታቸው ለዕድሜያቸው ያስገርማል። «ሳትጠሩ እንደምትመጡ እናውቃለን» ላይ ሲደርሱ በኩራት ወደ እኔ አመለከቱ። «ይህች የእታለም ጥሩዬ ቃል ናት።»

አቶ ይስማው ዞረ። ጭኔ ላይ ያለውን ደብተር አየ። እጁን ዘረጋ።

«አምጪው» አለኝ።

እንዳልሰጠው ለራሴ ነግሬዋለሁ። እጄ ግን ድሮ እንደለመደው ሄዶ ሰጠው።

ቆሞ ማንበብ ጀመረ። ጮክ ብሎ። ለገዛ ለቀስተኞቹ የገዛ ሕይወቱን አነበበላቸው። ድምፁን አላቀጠነም። ለጋስነቱ ላይ ሲደርስ ቅንድቡን አነሣ፣ ግን ቀጠለ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ላይ ሲደርስ አነበባትና ቆመ። ቀዩን እስክሪብቶ ከኪሱ አወጣ። ሥሯን አሰመረባት።

«ይህ ትክክል አይደለም» አለ። «አላነበብሁም። ሰው ለማሳቅ ነው ያነበብሁት።»

የሒሳብ መምህሩ መሬት መሬት ያይ ጀመር። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ምናልባት ይህን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር። አላቆመም።

«ከዚያ ወዲህ ግን አርባ ሦስቱንም አንብቤአለሁ።»

«የምን አርባ ሦስት?» አሉ ሐጂ።

«ሻምበል ጽልመቱ እሷ ናት። በየመጽሐፉ ሻዩን በግራ እጁ የሚያማስል ሰው ይሞታል፤ እኔ ነኝ። ጅብ በልቶኛል። ጉድጓድ ገብቻለሁ። ሃያ ሁለተኛው ላይ ደግሞ መዝገብ ቤት ውስጥ ተቆልፌ ነው የሞትሁት። ያ መጽሐፍ ግን ደካማ ነው። የበሩን ቁልፍ ገጽ አሥር ላይ ከውጭ አድርጋው ገጽ አርባ ላይ ከውስጥ አደረገችው። ስህተት ነው።»

«ሁለት ቁልፍ አለው!» ብዬ ጮኽሁ። «ገጽ ሃያ ስድስትን አላዩትም? ዘበኛው ሁለተኛውን ይሰጠዋል!»

ድንኳኑ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

ዝም ብል ኖሮ አንድ የጃጀ ሽማግሌ ከመንገድ ደክሞት ቀባጠረ ይባል ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት የደበቅሁትን ስም ያወጣው እሱ አይደለም፤ ሃያ ሁለተኛው መጽሐፍ ሲነካ መታገሥ ያልቻለው የገዛ አፌ ነው።

እሱ እንደ ዱሮው አሰበበት። «ገጽ ሃያ ስድስት» አለ። «እንግዲያው እኔ ነኝ የዘለልሁት።» እስክሪብቶውን ኪሱ መለሰ፤ የሕይወት ታሪኩን ወረቀት ከደብተሩ ቀድዶ አጠፈና እሱንም ኪሱ ከተተው። አልመለሰልኝም።

ምግቡ ተሠርቷልና ሰው በላ። እሜት ዳሳሽ ከመሄዷ በፊት ወንድሟን ጠርታ «ለቅሶህን አልቅሻለሁ» አለችው። «እንግዲህ ሁለተኛ ብትሞት ከጉንደ ወይን ድረስ አልመጣልህም።» የቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። እሷ አልሳቀችም፤ ዘመዶቹም ራሳቸውን በስምምነት ነቀነቁ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጥግ አስቀመጡኝ። እጄን የሚይዝልኝም አልነበረም። ሞጣ ልንገባ ስንል እንዬ ፊቷን ከመስኮቱ ሳታዞር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ያቺ ጉድጓድ ውስጥ የቀረችው ሙሽራ» አለች። «ወጣች ወይስ ቀረች? ሁለተኛው ክፍል ሞጣ አልደረሰም።»

«ወጥታለች» አልኋት።

«እሰይ» አለች፤ ወዲያው ግን ተቆጥታ አማተበች።

በሳምንቱ እድሩ ተሰበሰበ። ሊሰርዙኝ ነው ብዬ ለብሼ ጠበቅሁ። አልሰረዙኝም። ስለ ሰይጣን የተነሣ ነገር አልነበረም። እንዬ ተነሥታ ያቀረበችው ሌላ ነው፦ ጥሩዬ አባልነቷ ይጽና፣ የሞት ማስታወቂያ ግን እንዳትጽፍ። የሞተና ያልሞተ ሰው ሊለይ አልቻለም። እጅ ሁሉ ወጣ፤ የሐጂ ሙሄም ጭምር። አሁን ማስታወቂያውን የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። የሟቹን ስም አስቀድመው የቀብሩን ሰዓት ይረሳሉ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ እሑድ ምን ተማርሽ ትሉኝ ይሆናል። ሰው መግደል ተውሁ ካልኋችሁ እዋሻችኋለሁ፤ አርባ አራተኛው ማተሚያ ቤት ነው፤ በዚህኛው የሚሞተው አሳታሚ ነው። በሽፋኑ ላይ ያለውም የገዛ ስሜ ነው፤ የራስ ቅሉ አልቀረም እንጂ። አቶ ይስማው ያን ቀን አክብሮኝ ይሁን አዋርዶኝ እስከ አሁን አልወሰንሁም። በሰው ፊት እንዳሳቀብኝ በሰው ፊት ክብሬን መለሰልኝ ይሉኛል። እሱ ግን «ይቅርታ» የምትለዋን ቃል አላወጣትም፤ እኔ ደግሞ ያልተጻፈ ቃል አላነብም።

የቸገረኝ ሌላ ነው። ባለፈው ጎረቤታችን የሞቱ ጊዜ ሰው ሁሉ በሬ ላይ እየመጣ «እውነት ነው ወይስ የእርስዎ ነው?» ይለኝ ነበር። ቀብሩ ላይ ግማሹ ሰው አልነበረም። እንግዲህ እኔ ስሞት ማን ያምናል? እድሩ ድንኳኑን ይተክላል፤ ሰዉ ግን ሚኒባሱ ደጅ ቆሞ ስወርድ ይጠብቀኛል።

ስለዚህ በቀደም የራሴን ማስታወቂያ ጽፌ ቢቸና ወረድሁ። ውሸት ያልተናገረ ሰው የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ክፋቱም ከዚያ ነው። እሱ ሞታለች ካለ ሞቻለሁ። እሱም እኔን ይፈልገኛል፤ የጉንደ ወይን ዘመዶቹ አንዴ አልቅሰናል ብለዋልና የሚመጣለት የለም። ስለዚህ ከሁለታችን የቀደመውን ሰው ሞት የቀረው ሊያውጅ ተስማማን። እሱ ቀድሞ መሞት አይፈልግም፣ የምጽፍበትን ያውቃልና። እኔም አልቀድምም፣ የሚያርምብኝን አውቃለሁና። ሐኪሙ የሁለታችንንም ጤና ያደንቃል።

ወረቀቱን ሰጠሁት። ሻዩን በግራ እጁ እያማሰለ አነበበው። በጥሞና። ከዚያ ቀዩን እስክሪብቶ አወጣ። ራስጌው ላይ «ከአሥር ሰባት» ጻፈ። ከሦስት ወደ ሰባት ለመድረስ አርባ ሦስት መጽሐፍ ፈጅቶብኛል። ሦስቱን በምን እንደቀነሰብኝ ለማየት ወደ ታች ሄድሁ። የመጨረሻዋን መሥመር አክብቦባታል፦ «ሳትጠሩ እንደምትመጡ አውቃለሁ።» ጎኗ ላይ አንዲት ቃል አለች።

«ማስረጃ?»

ማስረጃው እንግዲህ ሳትጠሩ እስከዚህ መሥመር የመጣችሁት እናንተ ናችሁ።